ደረጃ መቶ፤ በፖኬሞን ጨዋታዎች ፍጡርን እስከ መጨረሻው ደረጃ የማሳደግ ልማድና ታሪኩ

በታሪክ ተማሪዎች መካከል ለምርምር የሚገባው ነገር የነገሥታት ዜና መዋዕል፥ የጦርነት ውሎና የውል ሰነድ ብቻ ነው የሚል አስተያየት እስከ ዛሬ ብዙ ደጋፊ አለው። እኛ ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ይኸውም ጃፓኖች ያወጡት ፖኬሞን የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሲሆን፥ ከጨዋታውም ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ፥ ማለት ተጫዋቹ የያዘውን ፍጡር ከታናሽነቱ አንሥቶ እስከ መቶኛው ደረጃ ድረስ የሚያሳድግበትን ልማድ እንመለከታለን። አንባቢው «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ምን ታሪክ አለው?» ቢል አንቀየምም፤ እኛም ሥራውን ስንጀምር ይህንኑ ጥያቄ እርስ በርሳችን ተጠያይቀናል። ነገር ግን በዚህ ልማድ ብዙ ልጆችና ጐልማሶች ማንም ሳያዛቸው ረጅም ሰዓት ደክመዋል፤ የድካማቸውም ፍሬ አንድ ቁጥር ነበረ። ቁጥሩ ከ1996 ጀምሮ ያው መቶ ነው፤ በቁጥሩ የሚታወቀው ነገር ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጧል። መቶ የሚለው ቁጥር ስለ ደከመው ሰውና ስለ አደገው ፍጡር ምን ይመሰክር ነበር? ምስክርነቱስ መቼና በምን ምክንያት ላላ? ጥያቄያችን ይህ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ሁለት የማይመሳሰሉ ወላጆች አሉት። አንደኛው ከሜዳ የመጣ ነው። የጨዋታው አሳቢ ሳቶሺ ታጂሪ በ1965 የተወለዱ ሲሆን፥ ያደጉት በቶኪዮ ዳርቻ ባለችው በማቺዳ ነው፤ በልጅነታቸውም ነፍሳትን እያደኑ መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ኩሬውና ዛፉ በቤትና በመንገድ ሲተካ ነፍሳቱም አብረው ጠፉ። በኋላ እንደ ገለጡት፥ በከተማ የሚያድጉ ልጆች እሳቸው በልጅነታቸው ያገኙትን የማደንና የመሰብሰብ ደስታ እንዲያገኙ ፈልገዋል። በ1983 ጌም ፍሪክ የሚባል ስለ ጨዋታዎች የሚናገር መጽሔት ማውጣት ጀመሩ፤ በ1989 ይኸው ስም የጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ስም ሆነ። ኒንቴንዶ ያወጣው ጌም ቦይ የተባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ከጓደኛ መጫወቻ ጋር በገመድ ይገናኝ ስለ ነበረ፥ ታጂሪ ነፍሳት በዚያ ገመድ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገሩ በሐሳባቸው ታያቸው። የጨዋታው መነሻ ይህ ነው።

ሁለተኛው ወላጅ ከጠረጴዛ የመጣ ነው። በ1974 በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን በወረቀትና በዳይ የሚጫወቱትን ጨዋታ አወጡ። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚወክለው ጀግና የልምድ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ሲጠራቀም ጀግናው በደረጃ ከፍ ይላል። ይህ ሥርዓት በ1981 ዊዛርድሪን በመሰሉ ጨዋታዎች በኮምፒዩተር ላይ ታየ፤ በ1986 ደግሞ ድራገን ኩዌስት በተባለው ጨዋታ በጃፓን ቤቶች በሰፊው ገባ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ማጋባት ቀላል አልነበረም። የተሰበሰበ ጥንዚዛ ጥንዚዛ ነው፤ ሰብሳቢው በሣጥን ያኖረዋል እንጂ ደረጃ አያወጣለትም። በ1987 የወጣው ሜጋሚ ቴንሴይ ተጫዋቹ አጋንንትን እያባበለ ከጐኑ እንዲያሰልፍ ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ አጋንንት አያድጉም፤ የተሻለ ጋኔን የሚፈልግ ሰው ያሉትን ሁለቱን አዋሕዶ ሌላ ያስገኛል። በ1992 በወጣው በአምስተኛው ድራገን ኩዌስት የተሸነፉ አውሬዎች ከጀግናው ጋር ሲሰለፉ እንደ ሰዎቹ በደረጃ ያድጉ ጀመር፤ የሚደርሱበት ወሰን ግን እንደየዝርያቸው የተለያየ ነበር። ስለዚህ ፖኬሞን የያዙትን ፍጡር በማሳደግ ረገድ የመጀመሪያው ነው ማለት አይቻልም። አዲስ ያደረገው ነገር የካቲት 27 ቀን 1996 በጃፓን ሲወጣ፥ በውስጡ ላሉት 151 ዓይነት ፍጡራን ሁሉ አንድ የጋራ ጣሪያ መስጠቱ ነው። በመንገድ ዳር የሚያዘው አባ ጨጓሬም ሆነ በዋሻ የሚኖረው ኃያሉ ሚውቱ መጨረሻቸው መቶ ነው።

ይህ ጣሪያ የማሽኑ ግዴታ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ደረጃው የሚጻፈው እስከ 255 ሊቈጥር በሚችል ቦታ ላይ ነው፤ በጨዋታው ስሕተት ምክንያት ከመቶ በላይ ደረጃ ያላቸው ፍጡራን የሚታዩበት ጊዜም ነበር። እንግዲህ መቶን የመረጡት ሰዎች ናቸው። መቶ ለልጅ የሚገባ፥ የሞላና ከዚያ ወዲያ ምንም የማይጨመርበት ቁጥር ነው፤ በትምህርት ቤትም ከመቶ መቶ ያገኘ ልጅ ምን ቀረህ ተብሎ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነውና። ፍጡሩ ሌላውን ሲያሸንፍ የልምድ ነጥብ ያገኛል። ብዙዎቹ ፍጡራን በሚገኙበት የዕድገት ምድብ፥ ለአንድ ደረጃ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ነጥብ የደረጃው ቁጥር በራሱ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ደረጃ 10 ለመድረስ 1,000፥ ደረጃ 50 ለመድረስ 125,000፥ ደረጃ 100 ለመድረስ 1,000,000 ነጥብ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከተለውን በወረቀት አስልተን ስናገኘው እኛንም አስገርሞናል። ደረጃ 50 የደረሰ ልጅ ግማሽ መንገድ የሄደ ይመስለዋል፤ የሄደው ግን አንድ ስምንተኛውን ነው። እውነተኛው ግማሽ ያለው ከ79ኛውና ከ80ኛው ደረጃ መካከል ነው፤ በ80 ላይ ገና 512,000 ነጥብ ነው። ከ99 ወደ 100 ለመሻገር ብቻ 29,701 ነጥብ ያሻል፤ ይህም ከመነሻው እስከ 30ኛው ደረጃ ከሚፈጀው 27,000 ይበልጣል።

ሌሎች ምድቦችም ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ፈጣኑ ምድብ በ800,000 ነጥብ ሲያበቃ ዘገምተኛው 1,250,000 ይጠይቃል፤ ከእነዚህ መካከል 1,059,860 የሚጠይቅ አንድ ምድብ አለ፤ ተጫዋቹ በመነሻው ከሚመርጣቸው ሦስት ፍጡራን ሁሉም በዚህ ይገኛሉ። ማጂካርፕ የሚባለው ከመፈራገጥ በቀር እምብዛም ሌላ ነገር የማያውቀው ምስኪን ዓሣ ከታላላቆቹ ጋር በዘገምተኛው ምድብ መመደቡ የሠሪዎቹ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም። እውነት ነው፤ ደረጃ 20 ሲደርስ ተለውጦ አስፈሪው ጋያራዶስ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ የታገሠው ልጅ ግን ትዕግሥትን ከማጂካርፕ ተምሯል።

ይህን ሁሉ ነጥብ ከየት ማግኘት ይቻላል? በጨዋታው ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹ ብርቱ አሠልጣኞች፥ ማለት አራቱ ታላላቆችና ሻምፒዮኑ፥ የሚያሰልፏቸው ፍጡራን ከ53 እስከ 65 ባለው ደረጃ ላይ ናቸው። የሻምፒዮኑ ታላቁ ፍጡር ተጫዋቹ በመነሻው በመረጠው ፍጡር የሚወሰን ሲሆን፥ ብላስቶይስ በሆነ ጊዜ በ65ኛው ደረጃ ላይ ተሸንፎ ለአሸናፊው የሚሰጠው 2,925 ነጥብ ነው። እንግዲህ የመጨረሻዋን አንዲት ደረጃ ለመውጣት ከአሥር የሚበልጡ የሻምፒዮን ብላስቶይሶችን መጣል ያስፈልጋል፤ ሻምፒዮኑ ዘንድ ለመድረስም በእያንዳንዱ ጊዜ አራቱን ታላላቆች እንደ ገና ከመጀመሪያው ማሸነፍ ግድ ነው። በመላው ጨዋታ በዱር የሚገኘው ታላቁ ሚውቱ እንኳ 70ኛ ደረጃ ላይ ነው። በ1999 በወጡት በወርቅና በብር ጨዋታዎች፥ በተራራ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ የሚጠብቀው የመጨረሻው ተጋጣሚ ያለው ፒካቹ 81 ነበረ።

በዚህ ላይ አስተያየታችንን ለመስጠት እንፈልጋለን። ጨዋታው መቶኛውን ደረጃ ከማንም አይፈልግም። በ65 አካባቢ ያለ ፍጡር ይዞ ጨዋታውን መፈጸም ይቻላል፤ መቶ የደረሰ ጊዜም የሚያጨበጭብ ሰው፥ የሚሸለም ሜዳሊያ፥ የሚከፈት በር አልነበረም። ደረጃው መጨመሩን የሚገልጽ የተለመደው አጭር ቃል ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው። ልጆቹ ግን አደረጉት። ሠሪዎቹ ያኖሩት ወሰን ነበረ፤ ወሰኑን ግብ ያደረጉት ተጫዋቾቹ ናቸው። ስለዚህ የደረጃ መቶን ታሪክ ከኩባንያው ታሪክ ለይቶ የተጫዋቾች ታሪክ አድርጎ መጻፍ ይገባል ብለን እናምናለን።

ድካሙን ለማቅለል የተፈለጉት መንገዶች ብዙ ነበሩ። አንዱ የአደራ ቤት ነው። ተጫዋቹ ፍጡሩን ለአንድ ሽማግሌ በአደራ ሰጥቶ ሲሄድ፥ በሚራመደው በእያንዳንዱ እርምጃ ፍጡሩ አንድ ነጥብ ያገኛል። ከዘገምተኛው ምድብ የሆነውን ፍጡር በዚህ መንገድ ብቻ መቶ ለማድረስ 1,250,000 ያህል እርምጃ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌውም ላደገው ደረጃ ሁሉ ሒሳቡን ይቀበላል። ሁለተኛው መንገድ ልውውጥ ነው። ከጓደኛ በገመድ የተገኘ ፍጡር ከድል የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ ይበልጣል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የሚያስፈልጉትን የማዕረግ ምልክቶች ካላገኘ ደረጃው ከፍ ያለ እንግዳ ፍጡር አልታዘዝም ይላል፤ በውጊያ መካከል ተኝቶ ያንቀላፋል። እዚህ ላይ የሠሪዎቹን ብልኅነት እናደንቃለን። ጓደኛ ያሳደገውን ብርቱ ፍጡር ተቀብሎ በሰው ድካም መመካት እንዳይቻል፥ ሥልጣንን ከጉልበት ለይተው አስቀምጠዋል።

ሦስተኛው መንገድ ከረሜላው ነው፤ በእሱም ላይ ጥቂት እንቆያለን። በጨዋታው ውስጥ ብርቅ ከረሜላ የሚባል ዕቃ አለ፤ አንዱን የበላ ፍጡር ያለ ምንም ውጊያ አንድ ደረጃ ያድጋል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ በወጡት በቀይና በሰማያዊ ጨዋታዎች ውስጥ አንድ የታወቀ ስሕተት ተገኘ። በቪሪድያን ከተማ አንድ ሽማግሌ ፍጡር እንዴት እንደሚያዝ ለተጫዋቹ ያሳያሉ፤ ተጫዋቹ ይህን አይቶ ወዲያው ወደ ሲናባር ደሴት ይበርና በምሥራቁ ዳርቻ በውሃው ላይ ቢመላለስ፥ ሚሲንግኖ የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ነገር ይገጥመዋል። ይህ ነገር ከታየ በኋላ በተጫዋቹ ከረጢት በስድስተኛ ተራ ያለው ዕቃ ቁጥሩ ከመቶ በላይ ይሆናል። በስድስተኛ ተራ ብርቅ ከረሜላ ያኖረ ልጅ እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የፈለገውን ፍጡር ከመቶ ማድረስ ቻለ። ወሬው በትምህርት ቤት ግቢ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ በመጽሔትም ታተመ።

የዕድገቱ ስሌት ራሱ የደበቀው ሌላ ቀዳዳም ነበረ። መነሻዎቹ ፍጡራን ባሉበት ምድብ ቀመሩ ለደረጃ 1 ሲሰላ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማሽኑ ደግሞ ከዜሮ በታች መቍጠር ስለማይችል ቁጥሩን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ያነበዋል። በእነዚያ ጨዋታዎች ደረጃ 1 የሆነ ፍጡር በስሕተት ካልሆነ በቀር አይገኝም፤ ተገኝቶ ግን ከ54 ያነሰ ነጥብ ብቻ ቢያገኝ በአንድ ጊዜ መቶ ይሆናል። ከሁሉ ያነሰው ከሁሉ በላይ ወጣ ማለት ነው።

በከረሜላ ያደገው መቶና በውጊያ ያደገው መቶ አንድ ናቸውን? ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አንድ ናቸው ይላል። ነገር ግን ጨዋታው ለተጫዋቹ ሳያሳይ የሚይዘው ሌላ መዝገብ ነበረው። ፍጡሩ ሌላውን ባሸነፈ ቍጥር የተሸናፊው መነሻ ኃይል፥ ፍጥነትና መከላከያ በአሸናፊው መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ ችሎታ እስከ 65,535 ድረስ ይጠራቀማል። ከዚህ ክምችት የሚገኘው ጥቅም በመቶኛው ደረጃ ላይ በእያንዳንዱ ችሎታ እስከ 63 ነጥብ ይደርሳል። ከረሜላ የበላው ግን ማንንም አላሸነፈምና መዝገቡ ባዶ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ልዩነቱ ይወጣል። በአደራ ቤት ያደገውም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ሚሊዮን እርምጃ ቢራመዱለትም አንድ ጊዜ እንኳ አልተዋጋም።

ስለዚህ መዝገብ መኖር የማያውቁ ብዙ ልጆች «በከረሜላ ያደገ ፍጡር ደካማ ነው» የሚል እምነት ነበራቸው። ምክንያቱን የሚያስረዳ የለም፤ አንዳንዱም የልጅ ተረት ነው ብሎ ይስቅ ነበር። ነገር ግን የልጆቹ ወሬ እውነት ሆኖ ተገኘ። የቃል ወግን በንቀት ለሚያልፉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ነገር ትንሽ ያስተምራቸው ይሆናል።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሰዎች ስለ ማሳደግ ሌላ አሳብ ነበራቸው። በ1996 መጨረሻ በወጣው በታማጎቺ፥ ባለቤቱ ችላ ያለው ፍጡር ይሞታል። በ1997 በወጣው በሞንስተር ፋርም የሠለጠነው አውሬ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ገናና ከሆነ በኋላም ያረጃል። በ1998 የወጣው ድራገን ኩዌስት ሞንስተርስ ደግሞ ከ10ኛው ደረጃ የደረሱ ሁለት አውሬዎች ተጋብተው ልጅ እንዲያስገኙ ያደርጋል፤ ወላጆቹ ትተው ይሄዳሉ፤ ልጁ ከደረጃ 1 ይጀምራል። በእነዚህ ጨዋታዎች ማደግ የማጣት ታናሽ ወንድም ነው። በፖኬሞን ግን ፍጡሩ አያረጅም፥ አይሞትም፤ ተሸንፎ ራሱን ቢስት በሕክምና ቤት ይነቃል። ደረጃ መቶ የደረሰ እዚያው ይኖራል። ያን ያህል ድካም ሊፈስበት የቻለውም የተገኘው ነገር አይወሰድም የሚል እምነት ስለ ነበረ ይመስለናል። ወደዚህ እምነት ኋላ እንመለሳለን።

ውድድር አዘጋጆቹ ለመቶ ብዙ ክብር አልሰጡትም። በ1997 በጃፓን የተደረገው የኒንቴንዶ ዋንጫ ከ50 እስከ 55 ደረጃ ያላቸውን ብቻ የሚቀበል ሲሆን፥ የሚሰለፉት የሦስቱ ድምር ከ155 እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። በኋላም የኩባንያው ውድድሮች ሁሉንም በ50ኛው ደረጃ ማጋጠምን ልማድ አደረጉ። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ዳኞቹ ለመለካት የፈለጉት የአሳብን ብልጫ እንጂ የትርፍ ሰዓትን ብዛት አይደለም። ሆኖም ከመቶ በታች ያለ ሁሉ ገና አላለቀም የሚለው ስሜት ከተጫዋቾች ልብ አልጠፋም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ2002 በወጡት በሩቢና በሳፋየር ነው። ስውሩ መዝገብ ተለወጠ። ቀድሞ ሁሉንም ችሎታ እስከ ጫፍ መሙላት ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ለሁሉም ችሎታዎች በጠቅላላው 510 ነጥብ ብቻ ተፈቀደ። አራት ነጥብ በመቶኛው ደረጃ ላይ አንድ የችሎታ ነጥብ ይሆናል፤ 252 ነጥብ ደግሞ የድሮውን 63 ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ችሎታ ሙሉ በሙሉ ይሞላል፤ ለሦስተኛው የሚተርፈው ጥቂት ፍርፋሪ ነው። ይህ ሥርዓት የማሳደግን ጠባይ ከሥር ለወጠው። በፊት ብዙ የደከመ ሰው ብዙ ያገኝ ነበር፤ ከ2002 ወዲህ ግን ያገኘውን ሁሉ እያሸነፈ ወደ መቶ የወጣ ልጅ የፍጡሩን መዝገብ በማይረባው ነገር ሞልቶበት ይገኛል። የተሳሳተውን ለማጥፋት የሚረዱት ፍሬዎች የመጡት በ2004 በወጣው በኤመራልድ ነው። እስከዚያ ድረስ በየዋህነት የተሠራ ሥራ የተበላሸ ሥራ ነበረ። እኛ ይህን ለውጥ በሙሉ ልብ አንደግፈውም። ለውድድር አዋቂዎች አሳብን የሚጠይቅ ጥሩ ሥርዓት ሆነላቸው፤ ነገር ግን ሕጉ በጨዋታው ውስጥ በግልጥ ሳይነገር ቀርቶ፥ ያላወቀው ልጅ ባላወቀው ሕግ ተቀጣ።

በ2010 የወጡት ጥቁርና ነጭ ጨዋታዎች ደግሞ መንገዱን አቀኑት፤ ደረጃው ከፍ ያለ ፍጡር ከእሱ በታች ያለውን ሲያሸንፍ የሚያገኘው ነጥብ እንዲቀንስ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ግን ነፋሱ ወደ ሌላ ዞረ። በ2013 በኤክስና በዋይ በአንድ ዕቃ አማካይነት፥ ያልተዋጉት የቡድኑ አባሎች ሁሉ ከድሉ ነጥብ ተካፋይ ሆኑ። በ2016 በሰንና በሙን ደረጃ መቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ሆነ፤ መቶ የደረሰ ፍጡር የጠርሙስ ክዳን ከተከፈለለት ከልደቱ የመጣበት ጉድለት ተቃንቶ፥ እንደ ፍጹም ፍጡር ሊቈጠር ቻለ። ያ ጸጥታ የነበረበት ቦታ አገልግሎት ተሰጠው። ነገር ግን አገልግሎት ያለው ነገር ቶሎ መድረስን ይጠይቃል። በ2019 በሶርድና በሺልድ የልምድ ከረሜላዎች በብዛት ተሰጡ፤ ከእነሱ ታላቁ በአንዴ 30,000 ነጥብ ይሰጣል።

ከላይ ያሰላነውን እናስታውስ። የዕድገቱ ቀመር አልተለወጠም፤ መቶኛው ደረጃ አሁንም 1,000,000 ነጥብ ነው፤ ከ99 ወደ 100 መሻገርም አሁንም 29,701 ነው። በ1996 ከአሥር በላይ የሻምፒዮን ብላስቶይሶችን የጠየቀችው ያች የመጨረሻ ደረጃ በ2019 በአንድ ከረሜላ ታለፈች፤ ጉዞውም በሙሉ በ34 ከረሜላ አለቀ። በ2022 በስካርሌትና በቫዮሌት ጉድለትን የሚያቃናው አገልግሎት ራሱ ከ100 ወደ 50 ሲወርድ፥ መቶ ያገኘውን በር እንኳ አጣ። የዛሬ ልጆች ሰነፉ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ፍርድ ልክ አይመስለንም። ድካሙ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን የሚደከመው ብርቅ ቀለም ያለውን ለማግኘትና ከውድድር በፊት ቡድን ለማዘጋጀት ነው። የጠፋው ነገር ቁጥሩ ይሰጥ የነበረው ምስክርነት ነው። ዛሬ መቶ የሚል ጽሕፈት ያየ ሰው ከጀርባው አንድ ክረምት ይኑር ወይም አንድ ደቂቃ ሊያውቅ አይችልም።

አሁን አይወሰድም ወደ ተባለው እምነት እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ የጌም ቦይ ካሴቶች የተጫዋቹን ሥራ የሚጠብቁት በውስጣቸው ባለች አንዲት ትንሽ ባትሪ ነበር። ባትሪዋ ስትሞት በካሴቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ሰዓት የሚቈጥሩት የወርቅና የብር ካሴቶች ደግሞ ባትሪያቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ። ከዚህም በላይ በ2002 አዲሶቹ ጨዋታዎች ሲወጡ የፍጡራኑ መዝገብ አያያዝ ጨርሶ ስለ ተለወጠ፥ ከቀደሙት ካሴቶች ምንም ነገር ወደ አዲሶቹ መሻገር አልቻለም። በ2002ና ከዚያ ወዲህ ያደገ ፍጡር ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እየተሸጋገረ በ2020 ሆም እስከ ተባለው ማኖሪያ ድረስ ሊደርስ የቻለ ሲሆን፥ የ1996 እና የ1999 መቶዎች ግን በወንዙ ማዶ ቀሩ።

ለእነሱ የተሠራው ድልድይ ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የካቲት 27 ቀን 2016 በአዲስ መጫወቻ ላይ እንደ ገና ወጡ፤ በ2017 ከእነዚህ ወደ ሰንና ሙን ማሻገር ተፈቀደ። በእርግጥ ድልድዩ ለአሮጌዎቹ ካሴቶች አልነበረም፤ እንደ ገና በወጡት ላይ እንደ ገና የደከመ ብቻ ነው የሚሻገርበት። የሚሻገረውም ፍጡር በኬላው ላይ ዕቃው ይፈተሻል። በውጊያ የተጠራቀመው ስውር መዝገብ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጠባይ የሚባለው ነገር በድሮው ጨዋታ ስላልነበረ፥ ለፍጡሩ ጠባይ የሚወጣለት የልምድ ነጥቡ ለ25 ተካፍሎ ከሚተርፈው ቁጥር ነው። ገና በማደግ ላይ ያለ ፍጡር ነጥቡን አንድ ሁለት እያደረገ ለሚፈለገው ጠባይ ማመቻቸት ይቻላል፤ አንድ ሚሊዮን ላይ የደረሰው ግን ሲካፈል ምንም አይተርፈውም፤ ነጥቡም ከዚያ ወዲያ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከዚያ ምድብ የሆኑት ባለ መቶዎች ሁሉ፥ በውጊያ ያደገውም፥ በከረሜላ ያደገውም፥ በአደራ ቤት የከረመውም፥ መዝገባቸው ባዶ ሆኖ፥ ጠባያቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ ከድልድዩ ማዶ ይወርዳሉ።